የረድዋን የውሃ ተራ

ረድዋን አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከበር ሲወጣ ዞር ብሎ እናቱን አላያትም። ዘወትር ከኋላው ትከተለዋለችና ዛሬም ከኋላው ያለች መስሎታል። ሳሊሃ ግን መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ወጌሻው በሸንበቆ ፍላጭ ጠፍሮ ያሰረላትን እግሯን ዘርግታ፣ የልጇ ኮቴ እየራቀ ሲሄድ ታዳምጣለች።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ኮቴው ቆመ።

«እማ?» አለ ከውጭ።

«ሂድ የኔ ጌታ! ውሃው እንዳያልፍህ!»

ከዚያ ኮቴው ተነሣ፤ ራቀ፤ ጠፋ።

ረድዋን ሙሉ ሰው ነው። ጢም አብቅሏል፤ ሽንኩርት የሞላ ኩንታል ብቻውን ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ይጭናል። አእምሮው ግን ከአካሉ እኩል አልተራመደም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ብላ የችግሩን ስም ነግራታለች። የሰፈሩ ሰው ሲያዝንለት «የዋህ»፣ ሲቆጣው «ጅል» ይለዋል። ሳሊሃ ሦስቱንም ሰምታ ሦስቱንም በር ላይ ትታቸዋለች።

በሮቢ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው እርሻ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። የተራው ደንብ ደግሞ አጭር ነው፤ ውሃ የሚይዝ ሰው የሌለው ቤት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ውሃ መያዝ ማለት ተራህ ሲደርስ የቦዩን አፍ መክፈት፣ ትልሞቹን አንድ በአንድ ማጠጣት፣ ሲያበቃ አፉን በጭቃ ደፍኖ ውሃውን ለሚቀጥለው ባለተራ ማሳለፍ ነው። ባሏ ኢብራሂም ካረፈ ወዲህ የዚያ ቤት ውሃ ያዥ ረድዋን ነው። ሰዉ ሁሉ ይህን ያውቃል ብላ ሳሊሃ ታምናለች። እግሯ የተሰበረ ሰሞን ግን ተራውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ጋሼ ተሰማ ሊጠይቋት መጥተው፣ እንደ ጠያቂ ከተቀመጡ በኋላ እንደ ዳኛ ተናገሩ።

«ሳሊሃ፣ አትቀየሚኝ።»

«ይናገሩ ጋሼ።»

«መሬቱን ለሰይፉ የእኩል ስጪው። የማሳ ጎረቤትሽ ነው፤ ክንዱ የማይዝል ሰው ነው።»

«ረድዋን እያለ?»

«ረድዋን አለ፤ እሱን ማን ካደ? ግን እስከ ዛሬ አንቺ ከአጠገቡ ነበርሽ። ውሃ ዘመድ አያውቅም ልጄ። አንዱ ሲያባክነው ሌላው ይጠማል።»

«የእኩል ተሰጥቶ የተመለሰ መሬት አይተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ተሰማ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። አላዩም።

«ነገ ብሞትስ?» አለች ሳሊሃ። «ልጄ ባባቱ መሬት ላይ የሰው ቀን ሠራተኛ ሊሆን ነው?»

«ዕድሜ ይስጥሽ እንጂ።»

«ኢንሻአላህ ይስጠኝ። እስከዚያው እርስዎ ደግሞ አንድ ተራ ይስጡት። ብቻውን ይያዝ። ካበላሸ መሬቱን ለሰይፉ በራሴ አፍ አስረክባለሁ።»

ሽማግሌው ተነሡ። «አንድ ተራ» አሉ በሩ ላይ። «ማንም አያግዘው፤ ማንም አያደናቅፈው።»

ያ ተራ ዛሬ ነው።

ጎረቤቷ የሺ ልታጫውታት መጥታ፣ ከእግሯ ሥር ሰፌድ ይዛ ማሾ ትለቅማለች። ጠጠሩን ወደ ደጅ እየወረወረች በወሬ መሐል እንዲህ አለች፦

«እትዬ ሳሊሃ፣ ግን ትልሙ መጥገቡን በምን ያውቃል? የኔ ባል ያን ሁሉ ዘመን አርሶ እንኳ አንዱን ያሰምጠዋል፣ አንዱን ያስጠማዋል።»

ሳሊሃ አልሳቀችም።

«እኔ ነኝ የምነግረው።»

«እንዴት አድርገው?»

«ከቁርቁራው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ውሃው የትልሙን ጫፍ ሲነካ ‹በቃ› እለዋለሁ። ያኔ ይዘጋል፤ ሌላውን ይከፍታል።»

የየሺ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «ዛሬስ?»

ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሊሃ ልጇን ግቢው መሐል አስቁማ፣ በምርኩዟ ጫፍ አፈሩን ሰንጥቃ ትልም ሠራችለት፤ በጄሪካን ውሃ አፈሰሰችበት። «ጫፉን ሲነካ ዝጋ» አለችው። «እሺ» አለ። እሱ እሺ ሲል ሰማሁ ማለቱ ነው፤ ገባኝ ማለቱ ይሁን አይሁን ግን ወልዳ ያሳደገችው እሷም አታውቅም። ውሃው ጫፉን ነካ። ረድዋን አካፋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አፏን ተመለከተ። አፏን ጠበቀ። ዝም አለች። ውሃው አለፈ፤ የዶሮዎቹን ቆጥ ሥር አራሰ፤ አሁንም አፏን ያያል። ፊቱ ላይ አንዳች ጭንቅ መጣ። አላስቻላትም። «በቃ» አለችው፤ ከቃሏ እኩል ዘጋ።

ይህን ለየሺ ስትነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«ለጋሼ ተሰማ አልነገሯቸውም?»

«ብነግራቸው ተራውን ይሰጡት ነበር?»

የሺ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀምጣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። «ሄጄ ልየዋ!»

«ሂጂ። ግን አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ። ማንም አያግዘው ብለዋል።»

የሺ ወጣች፤ ሳሊሃ ከራሷ ጋር ቀረች።

ከተቀመጠችበት የሚታያት ከዋናው ቦይ ዳር የተሰለፉት የማንጎ ዛፎች አናት ብቻ ነው። ከዚያ ማዶ ያለውን በዓይነ ልቦናዋ ማየት ጀመረች። አሁን ጫማውን አውልቋል። አሁን የቦዩን አፍ ከፍቷል። ውሃው ገብቷል፤ የተሰነጠቀው አፈር እየጠጣው ነው፤ አረፋ እየደፈቀ፣ ገለባ እየገፋ ወደ ጫፍ እየሄደ ነው። አሁን። «በቃ» አለች በከንፈሯ፣ ድምፅ ሳታወጣ። ማንም አልሰማም። ቀትር ላይ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ብቻ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ የምትፈራው ጩኸት ነው። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ አንድ ደላላ ረድዋን ላይ ጮኸበት። ረድዋን ሁለት ጆሮውን ይዞ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መኪና ሁሉ በሚያልፍበት አስፋልት መሐል ቁጭ አለ። ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን በነፉ ቁጥር ይበልጥ ወደ መሬት ይሰበሰባል። ከባድ መኪናው እስከ ድልድዩ ድረስ ተሰልፎ ቆመ። እሷ ከሽንኩርት ተራ ሮጣ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው እስክታናግረው ድረስ ያነሣው ሰው አልነበረም። ያን ቀን አነሣሁት ብላ ኮርታ ነበር። አሁን ስታስበው የሚያኮራው ነገር ጠፋባት።

ከማንጎዎቹ ማዶ የሰው ድምፅ ሰማች። አንድ፤ ከዚያ ብዙ። ቃሉ አይለይም፤ ቁጣው ግን ይለያል። እግሯን ከመደቡ ልታወርድ ሞከረች፤ ሕመሙ ዓይኗን አጨለመው። ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ ሳሊሃ!» ሰይፉ ነው። «ኧረ ልጅዎ ጉድ ሠራኝ!»

«ምን ሆነ?»

«ውሃው ከመጀመሪያው ትልም አልወጣም! ሞላ፣ ገነፈለ፣ አሁን ወደኔ እየመጣ ነው። የነቀልኩት ሽንኩርት እንዳለ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ውሃ ከነካው በሰበሰ ማለት ነው! ዝጋ እለዋለሁ፣ ያየኛል። ብጮኽበት ጭራሽ ጆሮውን ይዞ የቦዩ አፍ ላይ ዘጭ አለ!»

«አትጩኽበት!»

«ሽንኩርቴ ሲዋኝ በእንጉርጉሮ ልለምነው ነው እንዴ? ጋሼ ተሰማ ደግሞ አትንካው ይሉኛል። ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ፤ ይስማዎት። ቃሏን ይበሉት!»

«የቷን ቃል?»

«ኧረ እትዬ ሳሊሃ! ‹በቃ›ን ነዋ! ከቁርቁራው ሥር ስንት ዘመን ሲጣሩ እኛ ጆሮ የለንም? እኔ ራሴ ተራዬ መቃረቡን የማውቀው እርስዎ ‹በቃ› ሲሉ ነው!»

ደብቄዋለሁ ያለችው ነገር፣ ለካ በየተራው ሜዳ ሙሉ ሰው ሲሰማው ኖሯል።

«ጋሼ ተሰማ እዚያ አሉ?»

«አለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ከሩቅ መጣ። «እኔም አውቅ ነበር። ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

ከዚያ ሁሉ ድምፅ በታች፣ ውሃው ሲንፏቀቅ ከሚያሰማው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ መጣ።

«እማ?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ብታወጣ ረድዋን ይነሣል፤ ይዘጋል፤ የሰይፉ ሽንኩርት ይተርፋል። በስልክ ያለችውንም ነገ በሌላ ስልክ ትደግመዋለች። ከዚያስ? ከመቃብር ስልክ አይደወልም። ረድዋን የቦይ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ የማይመጣ ቃል ሲጠብቅ ታያት፤ ጎኑን እያጠበ የሚያልፈው ውሃ ታያት፤ በመጨረሻ እጅና እግሩን ይዘው የሚያነሡት ሰዎች ታዩዋት።

«ሰይፉ» አለች። «ከቁርቁራው ሥር ሂድና አንተ በለው።»

«ምን?»

«እኔ የምቆምበት ቦታ ቁም። አትቆጣ። እኔ እንደምለው አድርገህ በለው።»

«እሺ ይለኛል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም! ሽንኩርቴ እኮ—»

«የተበላሸብህን ከኔ ማሳ ትነቅላለህ፤ ወላሂ። አሁን ሂድ።»

ስልኩን ለጋሼ ተሰማ ሲያቀብላቸው ሰማች። «እማ?» አለ ረድዋን እንደገና። «እማ? እማ?» የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰች። ልጇ እየተጣራ ዝም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«በቃ!» የሰይፉ ድምፅ እንደ ጅራፍ ጮኸ።

ምንም የለም።

«ኧረ በሬ የምትነዳ አታስመስለው!» የየሺ ድምፅ ነው፤ ዝም ማለት አልሆነላትም። «ለስለስ አድርገህ፣ ሳብ አድርገህ!»

«በቃ...አ!» አለ ሰይፉ ሳብ አድርጎ።

«ሰይፉ ሴት ወይዘሮ ሆነ!» ብሎ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰይፉ ስድብ መለሰለት፤ ጋሼ ተሰማ «ዝም በሉ!» አሉ። ሳሊሃ ሻሿን እንደነከሰች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለልጇ የሚሆን ድምፅ ከዚያ ሰው ጉሮሮ እንዲወጣ አላህን ለመነች።

«በቃ... አ።»

አሁን ሰይፉ እልኸኛው ሰይፉ አልነበረም። የደከመ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሽንኩርቱን ተስፋ የቆረጠ ሰው።

«ተነሣልሽ» አሉ ጋሼ ተሰማ በስልኩ፣ በሹክሹክታ። «ወደ ቁርቁራው ሥር እያየ ነው። አንቺን ነው የሚፈልገው። ሰይፉን አየው...። አካፋውን አነሣ።»

ከዚያ አካፋ ጭቃ ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ መጣ። አንዴ። ደግሞ። ውሃው ድምፁን ቀየረ፤ ሌላ ትልም ውስጥ ገባ።

ደስ ይለኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ቀድሞ የመጣባት ቅናት ነበር። የራሷን ቃል ሰው ከአፏ ወስዶ ሲጠቀምበት ሰማች። «አልሃምዱሊላህ» ያለችው ቆየት ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተሰማና ሰይፉ መጡ። ረድዋን እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ከኋላቸው ነበር፤ ገብቶ ከአጠገቧ ተቀመጠና አፏን አየ። ራሱን ዳበሰችው። የሰይፉ ሽንኩርት ዳር ዳሩ ረጥቧል፤ መሐሉ ተርፏል። ሰይፉ ስለዚያ አንድ ሁለት ቃል አጉረመረመ፤ የረጠበውን ያህል ከእሷ ማሳ እንዲነቅል አስታወሰችው።

«ማንም አያግዘው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደንቡ ግን የሚጠይቀው ውሃውን ማን ዘጋው ብሎ ነው» አሉ ጋሼ ተሰማ። «የዘጋው ረድዋን ነው። ከዳር ሆኖ የሚጣራውን ደንቡ አያውቀውም። ከረድዋን ቀጥሎ ውሃው ከሽንኩርቱ ጎን ወዳለው የሰይፉ ማሾ ነው የሚሄደው፤ ሰይፉ ተራውን ለመጠበቅ እዚያው ይቆማል። እንግዲህ ቃሉን እሱ ይበል።»

ለሽማግሌው ያልታያቸው ነገር ለሳሊሃ ታይቷታል።

«ጋሼ፣ ቀጣዩ ባለተራ ውሃውን የሚፈልግ ሰው ነው። የሚፈልግ ሰው ሳይበቃ በቃ ይላል።»

«እኔን ነው?» አለ ሰይፉ።

«አንተን አላልኩም። ሰውን ነው ያልኩት።»

«እኔስ ከሰው አልቆጠር?»

ጋሼ ተሰማ ግንባራቸውን አሹት። «እውነቷን ነው፤ አላሰብኩትም» አሉ። ወደ እሷ ዞረው፣ «እንግዲህ ሳሊሃ፣ ወይ ሰው ታምኛለሽ፣ ወይ መሬት ትሰጫለሽ። ሌላ መንገድ ቢኖረኝ እነግርሽ ነበር።»

ሳሊሃ ሰይፉን አየችው። ክፉ ሰው አይደለም። ኢብራሂም ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ነው። ግን ማሾው በሙቀት ሲጠወልግ፣ ውሃው ደግሞ አንድ እርምጃ ርቆ ሲፈስ እያየ የሚታገሥ ሰው አላየችም። እሷም ብትሆን አትታገሥም።

«አደራ» አለችው። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ ቀን ስትቆጥር ሰነበተች። በዕለቱ ሰይፉ መጥቶ ረድዋንን ይዞት ሄደ። ጥቂት ጠብቃ ባጃጅ አስጠራች። የሰፈሩ ባለባጃጅ ዘላለም ከየሺ ጋር ደግፎ አስገባት።

«ወዴት ነው እትዬ ሳሊሃ?»

«ከማንጎዎቹ በስተጀርባ። ከማሳው እንዳንታይ።»

«ልጅዎን ሊሰልሉ ነው በሉኛ!»

«ሞተሩን አጥፋና ዝም በል።»

ቅጠሉ ሸፍኗት ተቀመጠች። ሜዳው አይታያትም፤ ይሰማታል እንጂ። ውሃው ገባ። ስንት ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰውነቷ ያውቀዋል። ልክ ሊሞላ ሲል የሰይፉ ድምፅ መጣ። «በቃ... አ!» አካፋው ቆረጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ትከሻዋ ትንሽ ለቀቅ አለ። ፀሐዩ ከረረ። ወፎች ዝም አሉ። ሰይፉ ምራቁን ሲተፋ፣ በማሾው መሐል ሲንቆራጠጥ ሰማችው።

«በቃ... አ!»

ሳሊሃ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ነበር። ገና ነው። ውሃው የትልሙን ግማሽ አልደረሰም፤ ጫፉ ደረቅ ነው። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ብትጮህ ረድዋን ድምፅዋን ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ቃል ለዘላለም አይሰማም። ዝም ብትል ደግሞ የእርሻዋ ግማሽ ይደርቃል፤ ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ሙሉው፤ ማንም ሳይነጥቃት በገዛ ቃሏ። ዘላለም ፊቷን አይቶ ሊናገር ሲል በዓይኗ ከለከለችው። አካፋው ጭቃ እስኪቆርጥ ጠበቀች።

አልቆረጠም።

«ገና!» አለ አንድ ድምፅ።

የሚያውቁት ሰዎች በሙሉ እንግዳ ድምፅ ነው ባሉ ነበር። ሳሊሃም ለአፍታ ማን እንደሆነ አልለየችውም።

«ምን አልክ?» አለ ሰይፉ።

«ገና!» ረድዋን ነው። «ጫፉ ገና!»

ሰይፉ ሳቀ። «ሰዎች ስሙልኝ! ይሄ ልጅ ገና ይለኛል እኮ! ልፈትነው ብዬ ነው፣ በእመቤቴ!»

እውነቱን ይሁን፣ ተይዞ ይሁን፣ ሳሊሃ ከድምፁ መለየት አልቻለችም። መቼም እንደማትለየው አወቀች። ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ። ጠበቀች። ሰይፉም ጠበቀ። ጊዜው ሲደርስ ቃሉ መጣ፤ አካፋው ጭቃውን ቆረጠ።

«እንሂድ» አለች።

ዘላለም ሞተሩን ሊያስነሣ ጎንበስ ሲል እጁን ያዘችው።

«አታስነሣ። ረድዋን ሰምቶ ይፈልገኛል። እስከ መንገዱ ግፋው።»

«ዳገት ነው እኮ እትዬ ሳሊሃ!»

«ግፋ አልኩህ።»

ዘላለም እያጉረመረመ ወርዶ መግፋት ጀመረ። ሳሊሃ የተሰበረ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ለማሳው ሰጥታ፣ ከኋላዋ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ እየሰማች፣ ሳትዞር ወጣች።